በ«ራ» ፈንታ «ረ»

ከለገሃር ወዲህ፣ ባሮጌ ሕንጻ ላይ፣
አምስተኛው ፎቅ ነን፣ ባቡሩን የሚያሳይ።
ሊፍቱ ተበላሽቷል ከጥምቀት ጀምሮ፤
አቤት ባይ ይወጣል ደረጃውን ቆጥሮ።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ድምፅ አልሰጥም ለማንም፤
የተባለን እንጂ የታሰበን አልጽፍም።

«አልተመረጡም» የሚል ደብዳቤ ይዛ፣
ትርሲት መጣች ባራተኛው ቀን፣ ላቧ እንደ ጤዛ
ከግንባሯ ሳይደርቅ።
አምስት ቀን ነው ሕጉ፤ በስድስተኛው
እውነትንም ይመልሳል ዘበኛው።
ከኋላዋ ሁለት ልጆች፣ ከብየዳ ቤቷ፣
ዴስክ ተሸክመው፦ ናሙናዋ፣ ንብረቷ።
«ቁጭ በሉበት» አለች፣ «ዝለሉበት ከፈለጋችሁ፤
ከሰበራችሁት ይኸው እጄ፣ ልፈርምላችሁ።
አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነበር ትእዛዙ፤
በሁለት ነጥብ በልጠው ሌሎች ያዙ።»

«ዴስኩ ኮሪደር ይቆይ» አሉ ሰብሳቢው፣ አቶ ዘለለው፤
«እኛ ዕቃ አንመዝንም፤ ሚዛኑን ነው የምናየው።
ይጠንክር፣ ይሰበር፣ አይደለም የኔ ጥያቄ፤
በጻፉት ሕግ ሄደዋል ወይ? ይኸው ነው ጭንቄ።»
ከመሥሪያ ቤቱ የመጡት አቶ ምንተስኖት
ክራቫታቸውን አጥብቀው፦
«ገምጋሚው መሐንዲስ ነው፤ ማን ሊገባ በሱ ዕውቀት?»
«ማንም አይገባበትም። ፍርዱ የሱ ነው፣ ይሁን፤
ፍርዱን ከየት እንዳመጣው ግን ያሳየን።»

ሦስት ነገር አቀረበች።
አንደኛው፦ ከልምድ ማስረጃዋ ላይ ነጥብ ተቀንሷል።
ደብዳቤው ቀን የለውም፤ ሰነዱ «ቀን ያለው» ብሏል።
ወደቀ።
ሁለተኛው፦ «ያሸነፈው የኃላፊው አማች ነው ይባላል።»
«ማን ይላል?» ዝም።
«ይባላል» ፋይል ውስጥ በስንት ቁጥር ይገባል?
ወደቀ።

ሦስተኛው ላይ ደክሞን ነበር፤ ስድስት ሰዓት ሊሞላ፣
ከታች አስፋልት ይቆረጣል፣
የገሚሳችን ልብ ወጥቷል፣ ሽሮ ሊበላ።
«የገምጋሚዎቹን ቅጽ አንብቢልን» አሉኝ።
ሦስት ቅጽ፣ ሦስት ፊርማ፣ ሦስት ዓይነት ቀለም።
አነበብኩ፣ እንደተጻፈ፦
«የብየዳው ጥረት ዝቅተኛ።»
ሁለተኛው፦ «የብየዳው ጥረት ዝቅተኛ።»
ሦስተኛው ላይ ድምፄን አላነሳሁ፣ አልጣልኩ፤
ፊደሉን እንደ ሳንቲም ቆጥሬ «ጥ፣ ረ፣ ት» አልኩ።

የሰብሳቢው እስክሪብቶ ቆመ።
«ጥራት ለማለት ነው?»
«ጥረት ነው የሚለው።»
«ሦስቱም?»
«ሦስቱም። በ‹ራ› ፈንታ ‹ረ› ነው።»

ሰነዱ፣ ገጽ ዐሥራ አራት፦ እያንዳንዱ ለብቻው ይሙላ።
ሰው ለብቻው ይሳሳታል፤ ወግ ነው።
ሦስት ሰው በሦስት ክፍል ተቀምጦ
አንዲት ፊደል ላይ ከተሰናከለ ግን
ክፍሉ አንድ ነበር፣
አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጸሐፊ፣ ሁለት ገልባጭ።
አቶ ምንተስኖት ክራቫታቸውን አላሉ።

ውሳኔው አጭር ነው፤ የተየብኩት እኔ ነኝ፦
ግምገማው ተሰርዟል። በሌላ ኮሚቴ፣
ባሥራ አምስት ቀን ውስጥ፣ ከዜሮ ይጀመር።
«አሸነፍኩ ማለት ነው?» አለች ትርሲት።
«አላሸነፍሽም።»
«ተሸነፍኩ?»
«አልተሸነፍሽም። እንደገና ትመዘኛለሽ።»
ባንክ የያዘባትን ዋስትና፣ የልጆቹን ደሞዝ፣ የቤት ኪራዩን
በጣቷ ቆጠረች፣ ብልጭታ በነከሰው ጣት፤
ፌስታሏን አነሳች።

ለምሳ ስወርድ፣ ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ
ዴስኩን አሳርፈው አገኘኋቸው፤
ሦስቱም ተቀምጠውበታል።
ለሁለት የተሠራ ነው። ሲጢጥ አላለም።
«ነይ ቁጭ በይ፣ ቦታ አለ» አለችኝ።
አልተቀመጥኩም፤ ፋይሉ ነገ ሊመለስ ይችላል።
ግን ሳልፍ፣ እግሩና መቀመጫው በተጋጠሙበት
አውራ ጣቴን አሳረፍኩ።
ይህ ቃለ ጉባኤው ላይ የለም፦
ይሻክራል፤ ትንሽ።