ሴቱባል፣ ሰኞ ማታ

ከሳርዲኑ ወደብ፣ ከመረቡ ክምር፣
ሰኞ ማታ ሲሆን ተጀመረ ክርክር።

ባልታዛር በከሰል ሣጥን ላይ ደመረ፤
«የወንዝ ማዶው ክለብ አበቃ፣ ከሰረ።
ደሞዙ ሦስት ወር ሰማይ ነው፣ አይወርድም፤
አጥቂውም ተሸጦ ዕዳቸው አይበርድም።»

ኤውሪኮ ተነሣ፣ ቡሽ ደርድሮ አሳየ፤
«የኋላ መስመሩ ከጎሉ ተለየ፤
መሐል ሜዳ ወጡ፣ ጀርባቸው ተከፍቶ፤
ጀልባዬም ይዞራል ከነመረቡ ገብቶ!»

ሳቅን፤ እንደ ሳርዲን ሆዳቸውን ቀደን፣
ነጥባቸውን ሁሉ በሂሳብ ቀብረን
ልንበተን ስንል ዙልሚራ ቀና አለች፣
የማዶን ማሊያ አጥባ ዘመን ያስቆጠረች።

«የእኔም ሦስት ወር ነው፣ ሳንቲም አልተረፈም፤
የበረኛው ማሊያ ግን
ከጥቅምት አላደፈም።»

ባልታዛር ከሰሉን እንደያዘ ቆመ፤
ኤውሪኮ ቡሾቹን አንድ ባንድ ለቀመ።