ክላክስ

እንጀራዬ በክላክስ ነው።
ከአሞራ ገደል አቶቴ፣ ከአቶቴ መናኸሪያ፣
ጢጥ ስል የማይዞር የለም፤ ዓሣ ያንጠለጠለ፣ ሸንኮራ የሚልጥ፣
ደብተሩን ያቀፈ ተማሪ፣ አጥር ሲበላ የዋለ በሬ።
አባ ኮዳ ብቻ አይዞርም፤
የዓሣ ሆድ ዕቃ ላይ ቆሞ፣ ራሰ በራውን ደፍቶ፣
ዕዳውን ሊቀበል እንደመጣ ሰው፣ ዝም።

ልጄ ሦስት ወር ሲሞላት
ባጃጄን እስከ ደጃፋችን አስጠጋሁ።
ኤፍራታ ፍራሹ ላይ ናት፣ በሩ ክፍት ነው።
ጢጥ!
ውሻው ተነሳ፤ የአከራያችን ዶሮዎች ተበተኑ፤
ናትናኤል "አባ መጣ!" ብሎ በአንድ እግር ጫማ ሮጠ።
እሷ የቆርቆሮውን ቀዳዳ፣ የገባውን ብርሃን ታያለች።
ደገምኩ።
በሦስተኛው አከራያችን ነጠላቸውን እየጎተቱ ወጡ፤
"ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተ እንዴ?"
"የለም እትዬ፣ ክላክሱን እየሞከርኩ ነው።"
ዋሸሁ።
የሞከርኩት ክላክሱን አልነበረም።

ስትወለድ ገላዋ ላይ ነጠብጣብ ነበር፣
ወይን ጠጅ፣ የቀይ ሥር ውሃ የተረጨበት ይመስል።
አማቴ "ፀሐይ መቷት ነው" አለች፤ ጎረቤት "ዓይን ነው" አለ፤
አዋላጇ ጭንቅላቷን በሜትር ለካች፣
ደግማ ለካች፣ ጻፈች፣ ምንም አላለች።
በሳምንቱ ነጠብጣቡ ከሰመ። እልል አልን።
ገንፎው ተበላ፣ ስም ወጣ፣
በእልልታችን መሀል ሦስት ሳምንት አለፈ።

ዶክተሯ በኋላ ነገረችን፤
የሚመረመረው በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ነበር፣ ሽንቷ ወይ ምራቋ።
አሁን "ሳይሆን አይቀርም" እንጂ "ነው" ማለት ይቸግራል።
ሳይቶሜጋሎቫይረስ።
ስሙ ከልጄ ቁመት ይረዝማል።
ድገሚልኝ አልኳት፤ ደገመችልኝ፤
የስንቱን ሰፈር ስም በቃሌ የያዝኩ ሰው
በሩ ጋ ስደርስ ግማሹ ወድቆብኛል።
"የተለመደ ነው" አለች፤ "ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል።
በትንንሽ ልጆች ምራቅና ሽንት ይተላለፋል።
እርጉዝን ሲይዝ ነው፣ አንዳንዴ፣ ወደ ፅንሱ የሚሻገር።"

አመነች ከኋላ ወንበር ዝም።
በመስታወቱ አየኋት፤ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ትጠርጋለች፣
የሌለ ነገር ትጠርጋለች።
ገባኝ።
ሆዷ ገና ሳይገፋ፣ ያን ክረምት፣ ማታ ማታ፣
ናትናኤል ያላመጠውን ሙዝ ከአፉ ያወጣና
"እማ፣ አም!" ይላታል፤ ትጎርሳለች ስቃ፤
"አንድ ያጣላል" ትለዋለች፣ ሁለተኛውን ጠብቃ።

ማንን ልክሰስ? የዓመት ከመንፈቅ ልጅ በጉርሻ ይከሰሳል?
እናት የልጇን ጉርሻ ትትፋ? ይህስ ከየት ይታሰባል?
ያኔ ማንም "እጅሽን ታጠቢ" አላላት፣
ማንም "የእሱን ማንኪያ ተይ" አላላት።
እኔም ነበርኩ።
እያየሁ እስቅ ነበር።

ዛሬ እሑድ ነው። ባጃጁን ሐይቁ ዳር አቆምኩ።
ኤፍራታ ጭኔ ላይ ናት፣ ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ።
አባ ኮዳ፣ ያ ግትር፣ ከዓሣ ሚዛኑ አጠገብ ተነስቶ
ክንፉን ዘረጋ፤ ጥላው በፊቷ ላይ አለፈ።
ዞረች።
አንገቷ እየተንቀጠቀጠ ጥላውን ተከተለችው፣
እስከ ቄጠማው፣ እስከ ውሃው፣ እስኪጠፋ።
ከኋላዬ አንድ ሚኒባስ መንገድ ልቀቅ ይላል፣
ክላክሱን ይደበድባል።
ይደብድብ።
እኔም አልሰማሁም።