ቀፎ የሌለው ጓሮ

ሠላሳ አንድ ዓመት ካርድ ስደረድር፣
የሰው ትኩሳት ስጽፍ፣ የሰው ሳል ስቆጥር፣
ቡሬ ጤና ጣቢያ፣ ከመስኮቱ ሥር፣
ልብ ብዬ አላየሁም የአበባን ነገር።

ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። በነጋታው ጧት
ጓሮዬን አየሁት፣ እንደ እንግዳ ቤት፤
አራት ክንድ በስምንት፣ ቆርቆሮ አጥር፣ ጭቃ፣
አንድ የጌሾ ግንድ፣ ክረምት ደርሶ ያልነቃ።

መጀመሪያ ያማረኝ ጽጌረዳ ነበር፤
ከባሕር ዳር አስመጣሁ ድርብርብ፣ የሚያምር፣
ቀይ፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ፣ እንደ ጎመን ጥቅል፣
አላፊ አግዳሚው ቆሞ «ወይ ቀለም!» ሲል።
ንብ ግን አንዲት መጣች፣ ዞረች፣ አሸተተች፣
በር እንዳጣ እንግዳ ደጁን ትታ ሄደች።
ያኔ ነው የገባኝ፤ ቅጠል የደራረበ
ለዓይን ነው ያጌጠው፣ ገበታ አላቀረበ።

ዘሩን አጠራቀምኩ በክኒን ከረጢት፣
«ጧት አንድ፣ ማታ አንድ» የሚል ተጽፎበት፤
ጥቁር አዝሙድ፣ ሱፍ፣ ድምብላል ከበሶብላ፣
ከሰው የለመንኩት አንድ እፍኝ ባቄላ።
ጦስኙን ከጮቄ የእኅቴ ልጅ ላከች፣
ከነአፈሩ ነቅላ በሻሽ ጠቀለለች።
ግራዋን ለአጥሩ። ማገጥ ሲበቅል ተውኩት፤
«አረም» የሚሉትን እኔ «እንግዳ» አልኩት።
በተሸራረፈ ሳህን ውኃ ሞላሁ፣
እንዳይሰጥሙ ብዬ ጠጠር ጣል አረግሁ።

ሽባባው ሳቀብኝ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ፣
የመስኖ በርበሬውን ሊረጭ ፓምፕ ተጭኖ፦
«እትዬ እንጉዳይ፣ ቀፎ የለሽ፣ ምን ልትቆርጪ ነው?
ለማታውቂው ንብ ነው ድግስ የምትደግሺው?
ማሩስ የማን ነው?»

እኔ ምን አውቃለሁ! ጥቅምት ላይ ሲመጡ
መታወቂያ አልያዙ፣ አድራሻ አልሰጡ፤
ካርድ ላወጣላቸው እጄን ቢበላኝም
ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ምንም አልነገሩኝም።
ሲጭኑ አየሁ እንጂ፣ ጥቁር አዝሙዱ ላይ፣
ሁለት ቢጫ ስልቻ እግራቸው ላይ ሲታይ።
ከዚያ ከፍ ይሉና፣ ቆርቆሮውን አልፈው፣
የሽባባውን በርበሬ፣ መንገዱን ተሻግረው፣
ወደ ፈጠም ማዶ። ከዚያ ዓይኔ አይደርስም፤
የማን ቀፎ እንዳለ ሄጄ አልጠየቅሁም።

የኅዳር ሚካኤል ባለፈ ማግሥት
ሽባባው ረጨ፣ ጠራራ፣ ቀትር ሰዓት።
ነፋሱ ወዲህ ነበር። ማታ ስወጣ
የሳህኑ ዙሪያ እንደ ቆሎ የተሰጣ፤
አንዷ በጀርባዋ ትሽከረከር ነበር፣
ስልቻዋ እንደ ሞላ፣ ሳትገባ ሰፈር።

ምንም አላልኩትም። ጠርጌ ቆጠርኩ፣
መቶ አርባ ሦስት ላይ ስደርስ ተውኩ።
የድሮ ልማዴ ነው፤ ካርድ ባይኖራቸውም
ሞት ሳይመዘገብ ማለፍ አይሆንልኝም።

በጥር የሽባባው ዱባ አበባ አወጣ፣
ቢጫ፣ ሰፊ፣ ደማቅ፤ ፍሬው ግን አልመጣ።
አውራ ጣት አክላ ጠውልጋ ትረግፋለች፤
ሚስቱ ፈንታነሽ «ቡዳ ነው» አለች።
እኔም አጥሩን ይዤ ቀስ ብዬ አልኩት፦
«ቡዳ አይደለም ልጄ፣ አገናኝ ነው ያጣት።
ወንዱ አበባ እዚህ ነው፣ ሴቷ ደግሞ ማዶ፤
ማን ይሂድ በመሃል፣ ሽማግሌው ታርዶ?»

ዝም ብሎ ቆየና፣ ማንገቻውን ዳብሶ፣
«ትሉስ ይጨርሰኝ?» አለኝ፣ ድምፁ አንሶ።
መልስ አልነበረኝም። ትሉም እውነት ነው፤
የልጆቹ ደብተር፣ የማዳበሪያው ዕዳ፣ እሱም እውነት ነው።

ከዚያ ወዲህ ግን፣ ሊረጭ ባሰበ ቀን፣
ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ይመታል ቆርቆሮዬን፦
«እትዬ እንጉዳይ፣ ገቡ ወይ?» ይለኛል፣
ልጅ ከትምህርት ቤት ዘግይቶ የቀረ ይመስል።

የማን እንደሆኑ አሁንም አላውቅም፤
ማሩን የሚቆርጠው እኔን አያውቀኝም።
በሶብላውን አያለሁ፣ ጦስኙን ጎንበስ ብዬ፣
«ገብተዋል» እላለሁ፣ አጥሩን ተደግፌ።

አንዳንድ ማታ ግን ሱፉ ላይ አንዲቷ
ትቀራለች ደክማ፣ ቢጫ ሆኖ ፊቷ።
«ቆይ፣ አንዲት አለች» እለዋለሁ።
ፓምፑን ያወርድና
ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላል፤
ሁለታችንም ዝም፣
እስክትነሣ ድረስ።