ማሳ

ጽፋት ላይ በረዶ ሲጥል፣ መብራት ይጠፋል አስቀድሞ፤
ደረጃው ጉድጓድ ይመስላል፣ ሊፍቱ ሦስተኛው ላይ ቆሞ።
ሻማ ፍለጋ ስወርድ፣ ጃኬት በጃኬት ደርቤ፣
ሱቁ ተዘግቶ ይሆን እያለ ሲሟገተኝ ልቤ፣
አራተኛ ፎቅ በር ተከፈተ፤ ብቅ አለች የሜክሲኮዋ ኤልቪራ፣
በአንድ እጇ ማማሰያ ይዛ፣ በሌላው ስልኳ ሲበራ።

"ክንድ አለህ ወይ?" ስትል ጠየቀች፣ በዚያ በተሰበረ ዕብራይስጥ፤
የኔም ስባሪ ነውና ገባኝ፤ ስባሪ ከስባሪ አይበላለጥ።

በቆሎው ከትናንት ጀምሮ በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ሲያድር፣
ልጣጩ እንደ እባብ ቆዳ ተገፎ፣ ቢጫው ፍሬ ብቻ ሲቀር፣
"ኖራ?" አልኳት፤ "የግድግዳ ኖራ?" ሳቀች እስኪያስላት ድረስ፤
"የሚበላም ኖራ አለ፣ የእህልን ልብ የሚያለሰልስ።"
ከርግብ መኖ ሻጭ ነው በቆሎው፣ ካርሚኤል ወርዳ ያመጣችው፤
ለሰው ነው ካለች ይወደዳል፤ ለርግብ ብላ ነው የገዛችው።

ወፍጮዋ ጠረጴዛ ላይ ታስራ፣ እጀታዋ ዝጎ የመነመነ፤
ሳዞር፣ ሳዞር፣ ወንበር የለመደው የዘበኛ ክንዴ ባነነ።
"እኛ ዘንድ ስሙ የባሕር ማሽላ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ።"
"እንደኛው" አለች፣ ትንሽ ዝም ብላ፣ እንፋሎት ከድስቱ ሲወጣ።

ከወፍጮዋ አፍ የወረደውን ሊጥ በመዳፏ ይዛ
"ማሳ" አለች።
"ምን?"
"ማሳ።"

እኔ የማውቀው ማሳ ዳገት ላይ ነው፣ ድንበሩ በድንጋይ የታጠረ፤
አባቴ አርሶት፣ አባቴ አጭዶት፣ በሌላ ሰው ስም ተጠርቶ የቀረ።
ኡልፓን ሳለሁ በደብተሬ ደግሞ፣ ማሳ ማለት "ጉዞ" ነው፤
ቀን ተደብቀን፣ ማታ ስንሄድ፣ ወደ ሱዳን በእግር የቆጠርነው።
በሷ አፍ ሊጥ ሆነ፤ እርጥብ፣ ለብ ያለ፣ ኖራ ኖራ የሚሸት፤
እርሻውም፣ መንገዱም፣ እራቱም፣ በአንድ መዳፍ ላይ፣ ያን ሌሊት።

ልነግራት ፈለግሁ። ቃል አጠረኝ።
ዝም ብዬ አዞርኩ።

ሊጡን በውሃ በጠበጠችው፣ በወንፊት አጠለለችው፤
ቀረፋ፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ የጠና ጥቁር ስኳር ጨመረችው።
"ወተት ይግባ?" "አይግባ!" አለ ከደረጃው ላይ አዛውንቱ መስዑድ፤
"ሥጋ ከበላሁ ገና ሁለት ሰዓት! ልታስጾሙኝ ነው በግድ?"
ስለ አንድ ሽማግሌ ሆድ፣ የፎቁ ሰው ሁሉ በውሃ ጠጣ፤
ሉድሚላም ከነድመቷ፣ ኩባያዋን ይዛ መጣች፣ ካፖርቷ ሳይወጣ።

"ካቆምክ ይጓጉልብሃል" አለችኝ፤ "ከሥር ያርብሃል ካቆምክ፤
ስለ ሚስትህ አውራኝ እያማሰልክ፣ ካልከበደህ፣ ካልደከምክ።"

ነገርኳት። ጨለማ ስለሆነ፣ ለድስቱ እንደምነግር ሆኜ፤
ሐረገወይን ሆስፒታል ሳለች
አጥሚት በፔርሙዝ እንደወሰድኩላት፣
ሦስት ማንኪያ እንደወሰደች፣
ከአራተኛው በፊት "ቀዝቅዟል" ብላ ፊቷን እንዳዞረች።
አልቀዘቀዘም ነበር።
ቀምሼው ምላሴን አቃጥሎኛል።

ኤልቪራ ምንም አላለችም።
ጋዙን ቀነስ አደረገችው።

አቶሌ ይሉታል። ሻይ አይደል፣ ሾርባ አይደል፣ ገንፎነትም ያንሰዋል፤
ከንፈር ላይ ትንሽ ይዘገያል፣ ጉሮሮን በቀስታ ያለብሰዋል፤
ሆድ ደርሶም አይሰናበትም፣ እንደ እንግዳ ቁጭ ይላል።
መስዑድ ሁለተኛ ጠየቀ። ሉድሚላ ሦስተኛ።
እኔ አራተኛዋን ማንኪያ ቆጠርኩ፣
ዋጥኳትም።

ጠዋት መብራት መጣ። ሊፍቱ ማንም ሳይጠራው ወረደ።
ሻማውን ሳልገዛ ቀረሁ።
ኤልቪራ በረንዳ ላይ ወጥታ፣ የተረፈውን በቆሎ በተነችው፤
ርግቦች በረዶው ላይ ወረዱ፤
ለሻጩ የዋሸችውን እውነት አደረገችው።