ገመዱ

ሦስት ሰዓት ተብሎ አራት ተኩል ገባን፣
የአራብሳን ጭቃ ደፉ ላይ ጠርገን።
የአንደኛ ክፍል ወንበር ለኛ ተደርድሮ፣
ጉልበታችን ሽቅብ አገጭን አባሮ፣
ተኮራምተን ዋልን፣ ስልሳ ምናምን ሰው፣
ግድግዳው ላይ ያለው «ሀ ሁ» እያየው።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ጌድዮን ካርታ አንጠለጠሉ፤
ፕላስተሩ ለቆ ጫፉ ቢጠቀለል
በክርን ደግፈው ነገሩን ቀጠሉ፦
«ከብሎክ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ወዲህ
ያላችሁ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ እዚህ።
ከዐሥራ አምስት ጀምሮ ወዲያ ያላችሁት
በመስከረም ወር ላይ አዲሱ ትምህርት ቤት።
እዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ሰባት ልጅ፣
እዚያ ግን ወንበሩ ከነላስቲኩ ነው፣ አልነካውም ገና የአንድም ተማሪ እጅ።»

ወዲህ ያሉት ተነፈሱ።
እኛ ተነሣን።

እኔ ሁለት መቶ ዐሥራ አምስት ነኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ።
በኔና በሙሉእመቤት ብሎክ መሃል፣ ከብረት እስከ ብረት፣
አንድ ገመድ አለ፣ አራት ዓመት ሙሉ ልብስ ያሰጣንበት።
ቀዩ መስመር ያረፈው ልክ እሱ ገመድ ላይ፤
የኔ ልጅ ካልሲ ወዲያ፣ የሷ ልጅ ሸሚዝ ወዲህ፣
በአንድ መቆንጠጫ ተይዘው ሳሉ ከላይ።

«ማዶ» የሚሉት በእግር አርባ ደቂቃ ነው።
በመሃል ወንዝ አለ፤ በጋውን ላስቲክ ብቻ ይተኛበታል፣
ክረምቱን ግን በግ ይወስዳል፤ አምና ጋሪ ወስዷል፣ ከነጭነቱ።
ድልድዩን ጠየቅን። «በእቅድ ተይዟል።»
«እቅድ ላይ ተረማምዶ የትኛው ልጅ ነው የሚሻገር?»
አሉ ሀጂ ነስሩ። ሳቅን፣ ለመሳቅ ያህል።

ከዚያማ ተበላሸ።
«እናንተ ከመሃል ከተማ ተነሥታችሁ ሳትመጡ፣» አለች አንዷ ከጀርባ፣
«በአንድ ዴስክ ሁለት ልጅ ነበር። ክርን ለክርን የሚጋጭ አልነበረም።»
ወይዘሮ ፈለቀች ቀስ ብላ ዞረች፦
«ቤቴን እኔ አላፈረስኩት።
ልጄ በሁለት ዓመት ሦስተኛ ትምህርት ቤቱ ነው፤
ዩኒፎርሙ ቀለሙ ይቀየራል እንጂ አርጅቶ አያውቅም።»

ዝም ተባለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይለቅም ጀመር።

ያኔ ኦቦ ቱፋ፣ ለልጅ ልጃቸው የመጡት፣
በዱላቸው ጫፍ ካርታውን ነካ አድርገው፦
«ይሄ መስመር የሄደበት የኔ የወሰን ድንጋይ ነበረበት።
ከወንድሜ ጋር ሰባት ዓመት ተካሰስንበት፤
ፍርዱ የወጣ ለት መሬቱ ቀድሞን ሄዷል።»
የሳቀም ነበር። ሳቁን ሳይጨርስ ተወው።

ከዚያ ሙሉእመቤት እጇን አወጣች፣
ወዲህ ያለችው፣ የተረፈችው፣ ምን ጎድሏት ነው ያልናት፦
«የኔን ልጅ ማዶ ውሰዱልኝ።
ሁለት ዓመት ሙሉ መምህሩ ስሙን አያውቀውም፤
'አንተ ከኋላ' ነው የሚባለው።»

እኔ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ
የአክስቴ ልጅ ያስጻፈችልኝ ወረቀት ነበረኝ፦
ልጄ ሶስና ብሎክ ሁለት መቶ ዘጠኝ፣ እሷ ቤት እንደምትኖር።
ማኅተም ሁሉ አለው።
እጄን አላወጣሁም።

«ሐሳባችሁን ለክፍለ ከተማው እናቀርባለን» ተባለ፤ ፈረምን፤
የፈረምነው መገኘታችንን ነው።

ዝናቡ ሲበረታ ወደ ገመዱ ሮጥን፣
እኔና ሙሉእመቤት፣ ጃንጥላ ሳንዘረጋ።
አራት ዓመት ሙሉ ያገኘነውን ነበር አፍሰን የምንገባው፤
ማታ ደረጃው ላይ ነበር «ይሄ ያንቺ፣ ይሄ የኔ»።
ዛሬ እዚያው፣ ውሃው በአንገታችን እየገባ፣ ለየን።

አንድ ካልሲ ቀረ፤ ግራጫ፣ ተረከዙ የተጣፈ።
እሷም አየችው፣ እኔም አየሁት።
የልጇ ነው።
የጣፍኩት ግን እኔ ነኝ።