ትኩስ አምፖል

ከፈላና በር ገባ ሲሉ፣ በእኛ ጠባብ መንገድ፣
አንድ ማታ አምፖል ጠፋ፤ ጨለማው ወደቀ እንደ ግንድ።
ሬድዋን ነው ተባለ፤ ደግሞም እሱ ነበር፣
አምፖሉ ገና ትኩስ፣ ከኪሱ ጭኑን ሲፈጀው፣ ሲደናበር።

ስለ ግድግዳ ድንበር ሰባት ዓመት የተኳረፉ፣
አው ሻሚልና አይ ረውዳ ያን ሌሊት አብረው ተሰለፉ፤
እሷ «ሌባ!» ብላ ስትጀምር፣ እሱ «እፍረተ ቢስ!» ብሎ ሲጨርስ፣
አንዱ የሌላውን ቃል እንደ ውሰት ልብስ ሲለብስ።
«የጋራ» ማለት ምን እንደሆነ ልጆቻችን ያኔ ገባቸው፤
እኛም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለን ስናያቸው።
የአፎቻው ጸሐፊ እኔ፣ ቅጣቱን በመዝገብ አሰፈርኩ፦
አምስት አምፖል፣ አንድ ይቅርታ፤ ከሥሩ በቀይ አሰመርኩ።

ሬድዋን ድሬ ወረደ፤ ሥራ ያዘ፣ ሰው ሆነ አሉ።
አምፖሉ ሌሊቱን ያበራል፤ የሚነካው የለም ከሁሉ፣
ከሥሩም ቆሞ የሚያወራ የለም። ግድግዳው ዳግም ድንበር ሆነ።
ባለፈው ስብሰባ አጀንዳ አጣን፤ ሁሉም በዝምታ ተከደነ።

ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፦
«ኢምራን ሰላምታ ሲመልስ ድምፁ አይቀንስም?»

ልብ ያላለ አልነበረም።
ምንጣፉ ላይ ተጠጋጋን። እኔም ብዕሬን አወጣሁ፤
«ኢ» ብዬ ስጀምር እጄን ፈጀኝ፣
ትኩስ አምፖል የሰረቅሁ ይመስል።