በአንደኛ ማርሽ

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በሊማሊሞ መንገድ
አይሱዙ ስነዳ፣ ስወጣና ስወርድ፣
ገደሉ በስተግራ፣ ጭጋጉ በስተቀኝ፣
አንድ ቀን አልፈራሁ፣ ሰው ሁሉ ሲፈራኝ።
ፈሪ መሆኔንማ ያወቅሁት ደጄ ላይ፣
አንድ እግሬን ቀብሬ፣ በክራንች ቆሜ ሳይ
የልደታ ቅጽር ሩቅ አገር ሲሆንብኝ፣
ከበሬ እስከዚያ ድረስ ሱዳን ሲመስለኝ።

መምሬ ጥላዬ፣ የንስሐ አባቴ፣
ጸበል ይዘው መጡ፣ ረጩት በቤቴ።
«ስንት ርምጃ ቻልክ?»
«አስራ አንድ» አልኳቸው።
«ነገስ?» «ነገን አላውቅም።» ፈገግ አለ ፊታቸው።
«አስራ ሁለት ይሁን። ስግደትህ ይኸው ነው፤
ሌላ ቀኖና የለም፤ ውደቅ፣ ተነስ፣ ድገመው።»

አስራ ሁለት ማለት የጌጤነሽ ሱቅ ነው፤
ሃያ ልብስ ሰፊው ጋ፤ ሠላሳ የሚባለው
ቱቦ የፈነዳበት ያ የጭቃ ቦታ፣
ነሐሴን በሙሉ የወደቅሁበት ጠዋት ማታ።
ብብቴ ቆሰለ። ጸሎት አላደረስኩም፣
ተጣላሁት እንጂ፤ ግን ቀርቼም አላደርኩም፤
«አንተም ዝም፣ እኔም ዝም፣ እስቲ ማን ይደክማል»
እያልኩ እቆጥራለሁ፤ እግር እንደሁ ይለምዳል።

መስከረም ሲጠባ አርባ አራት ደረሰ፤
ከንፈሬ ሳቀና ዓይኔ አለቀሰ፤
አርባ አራት ታቦት ላላት ለጎንደር አገሬ
አርባ አራት ርምጃ፣ ይኸው ሆነ ግብሬ።

በኅዳር ጽዮን ቀን ቅጽሩን ረገጥኩት፤
የግንቡን ድንጋይ በግንባሬ ነካሁት።
መምሬ ከጥድ ሥር ቆመው ያዩኝ ነበር፤
«ደረስኩ!» አልኳቸው፣ ትንፋሼ ሲሰባበር።
አላጨበጨቡም።
«የቅርቡ ይኸ ነው» አሉኝ ድምፅ ዝቅ አድርገው፤
«የሩቁስ፣ ልጄ ሆይ? አዘዞ ያለው?»

ሁሉን ያውቁ ነበር፤ ነግሬያቸዋለሁ፦
ያን ማታ ደባርቅ አረቄ እንደጠጣሁ፣
ረዳቴ ይርዳው «እንደር» ሲል «ዝም በል!» እንዳልኩ፣
ጥምዙን በአራተኛ ቁልቁል እንደለቀቅኩ፤
እኔ እግሬን ብጥል እሱ ሃያ ሦስት ዓመቱን፤
«ፍሬን በጠሰብኝ» ብዬ ማስመዝገቤን፤
እናቱ አንጓችም ይህንኑ ማመኗን።

«ዳገት በምን ማርሽ ነው?» አሉኝ ጎንበስ ብለው።
«በአንደኛ» አልኳቸው።
«በል እንግዲህ አስገባው።»

ሦስት ጊዜ ሄጄ ከመንገድ ተመለስኩ።
በአራተኛው በሯን በምርኩዜ ነካ ነካ አደረግኩ።
በርበሬ ትቀነጥስ ነበር፣ እጇ እስከ ክንዷ ቀልቶ፤
«ፍሬኑ ደህና ነበር» አልኩ። ሌላው ከአፌ ጠፍቶ
እንደ ዕቃ ቆምኩኝ።
ዝምታዋ ከሊማሊሞ ገደል ይጠልቃል፤
እዚያ ውስጥ የወደቀ መቼ መሬት ይነካል?
«ይቅር» አላለችም፤ «ውጣ»ም አላለች፤
አንዲት በርጩማ በእግሯ ወደ እኔ ገፋች።

ቃሌን አስቀየርኩ፤ የችሎት ቀጠሮዬ ሰኔ ላይ ነው።
ምን እንደሚፈረድ ፈራጁ ነው የሚያውቀው።
እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ አዘዞ እወርዳለሁ፤
በርበሬም ካለ በርበሬ፣ ምስርም ካለ ምስር እለቅማለሁ፤
ብዙ አንነጋገርም። አስነጥሳለሁ፣ «ይማርህ» ትላለች፤
ይህቺን እንኳ ለማለት ስንት ሳምንት ቆየች።
መምሬ «የት ደረስክ?» ብለው ሲጠይቁኝ
«ገና ነው፣ አባቴ፤ ዳገቱ መሃል ነኝ።»

ባለፈው ስወጣ፣ ምርኩዜን ሳዞር፣
ከኋላዬ ቀስ ብላ
«በዚያኛው ውጣ» አለች፤ «ያዳልጣል ይኸኛው በር።»